ዶዘርን በሰንሰለት ያስኬደው ሰው፦ ቤንጃሚን ሆልት (ክርክር ይፈቀዳል)

ሎቤድ_ነጂ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ሰዎች። ሰሞኑን በሌላ ክር ላይ "ዶዘርን የፈጠረው ሚስተር ካተርፒላር ነው" የሚል ነገር አነበብኩ። ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ሚስተር ካተርፒላር የሚባል ሰው ኖሮ አያውቅም። ካተርፒላር የማሽንና የኩባንያ ስም ነው። ዶዘር ማለት ፊቱ ላይ አፈር መግፊያ የተገጠመለት ባለ ሰንሰለት ትራክተር ነው፤ ያንን ትራክተር ገበያ ያደረሰው ሰው ቤንጃሚን ሆልት ይባላል። ስሙ ማሽኑ ላይ ስላልተጻፈ ነው የተረሳው። እኔ ከባድ ማሽን በሎቤድ (ወለሉ ዝቅ ያለ ተጎታች) ጭኜ ስመላለስ ነው የምኖረው። እሱ የሠራባት የካሊፎርኒያዋ ከተማ ስቶክተን ደግሞ መንገዴ ላይ ናት። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሆልት በ1849 ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ተወለደ። ቤተሰቡ የእንጨት መሰንጠቂያ ነበረው። ጠንካራ እንጨት እየሰነጠቁ ለጋሪ ሠሪዎች ይሸጣሉ። ታላቅ ወንድሙ ቻርልስ ቀድሞ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደና የቤተሰቡን እንጨት እዚያ መነገድ ጀመረ። ግን አንድ ጣጣ ገጠማቸው። በምሥራቁ እርጥብ አየር የተሠራ መንኮራኩር የካሊፎርኒያ ፀሐይ ሲያገኘው እንጨቱ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። መፍትሔው እንጨቱን እዚያው ደረቅ አገር ላይ አድርቆ እዚያው መሥራት ነው። በዚህ ምክንያት በ1883 ስቶክተን ላይ የመንኮራኩር ፋብሪካ አቋቋሙ። ቤንጃሚን ከምሥራቅ የመጣው ያኔ ነው። ዕድሜው 34። ልብ በሉ፤ መንኮራኩርን ከትራክተር ላይ ያወረደው ሰው እንጀራውን የጀመረው መንኮራኩር በመሥራት ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ይመጣል። እኔ ዋናው ቁም ነገር እሱ ነው ባይ ነኝ። ሆልት ከትራክተር በፊት የሠራው ኮምባይነር ነው። በ1886። የዚያን ጊዜ ኮምባይነር ሞተር የለውም። ሃያ ምናምን ፈረስ ወይም በቅሎ ይጎትተዋል። ማጨጃውና መውቂያው የሚዞሩት ከሥር ያለው መንኮራኩር መሬት ላይ ሲንከባለል በሚሰጠው ኃይል ነው። ሌሎቹ ፋብሪካዎች ይህን ኃይል የሚያስተላልፉት በማርሽ ነበር። ፈረሶቹ ደንብረው ከሮጡ ማርሹ ጥርሱ ይረግፋል። አዝመራው ቆሞ መለዋወጫ መጠበቅ ነው። ሆልት ማርሹን አውጥቶ ሰንሰለት ገጠመበት። ሰንሰለት ይለጠጣል፣ ድንገተኛ ጉልበት ይችላል። ቢበጠስም አንድ ቀለበት ለውጦ መቀጠል ይቻላል።

ስለዚህ ሰውየው ስለ ሰንሰለት ማሰብ የጀመረው ባለ ሰንሰለት ትራክተር ከመሥራቱ ከ18 ዓመት በፊት ነው። ሰንሰለት የት እንደሚበላ፣ የት እንደሚበጠስ፣ አቧራ ምን እንደሚያደርገው ከገበሬው ማሳ ላይ ተምሯል። የኋላው ታሪክ ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል።

በ1890 የመጀመሪያውን የእንፋሎት ትራክተር ሠራ። ክብደቱ ከ20 ቶን በላይ። ደረቅ መሬት ላይ ተአምር ነው። የስቶክተን ዙሪያ ግን ሁሉም ደረቅ አይደለም። ሳክራሜንቶና ሳን ዋኪን ወንዞች የሚገናኙበት ሰፊ ረግረግ አለ። አፈሩ ለሺህ ዓመታት የበሰበሰ ፊላና ሣር ነው። ጥቁር፣ ለም፣ ግን ልል። የአካባቢው ገበሬዎች ፈረሶቻቸው እንዳይሰጥሙ ሰፋፊ የእንጨት ጫማ ያስሩላቸው ነበር። ቀልድ አይደለም፤ የፈረስ ጫማ። እንግዲህ ፈረስ የሚሰጥምበት መሬት ላይ 20 ቶን ብረት ምን እንደሚሆን አስቡት።

ሆልት መጀመሪያ ያደረገው ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው። መንኮራኩሩን አሰፋ። አልበቃም። ጨመረ። አሁንም አልበቃም። መጨረሻ ላይ ከዳር እስከ ዳር 14 ሜትር የሚሰፋ ትራክተር ሠራ። በእያንዳንዱ ጎን ሦስት ሦስት ትልልቅ መንኮራኩር። በምን መንገድ ያልፋል? በየትኛው ድልድይ? ለመሥራትም ለመንዳትም አበሳ ሆነ።

እና ኖቬምበር 24 ቀን 1904፣ አሜሪካኖች ታንክስጊቪንግ በሚያከብሩበት ቀን፣ ስቶክተን አጠገብ ሮበርትስ አይላንድ በሚባለው ረግረግ ላይ አዲስ ነገር ሞከረ። ቁጥር 77 የሚባለውን የእንፋሎት ትራክተር የኋላ መንኮራኩሮች አወጣ። በምትካቸው ወደ 2.7 ሜትር የሚረዝም ሰንሰለት ገጠመ። ሰንሰለቱ ላይ የሬድውድ እንጨት ጣውላ ተደርድሯል። ማሽኑ መንገዱን ራሱ ከፊቱ እያነጠፈ፣ ከኋላው እያነሳ ሄደ። አልሰጠመም።

ስሙም ከዚያ በኋላ መጣ። በ1905 ቻርልስ ክሌመንትስ የሚባል ፎቶ አንሺ ሙከራውን ሊያነሳ መጥቶ ነበር። በካሜራው ሌንስ ሲያየው እንደ አባጨጓሬ (በእንግሊዝኛ ካተርፒላር) ይሳባል አለ። ሆልት ወደደው። ካተርፒላር በ1910 የንግድ ምልክት ሆኖ ተመዘገበ።

ለዛሬ ይብቃኝ። ጥያቄ ካለ ወርውሩ።

ዲ8_ኦፕሬተር፦
ወንድሜ እጅህ ይባረክ! ስንት ዓመት ላዩ ላይ ተቀምጬ ስሠራ የማን ሥራ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ክረምት ላይ መረሬ መሬት ያየ ሰው ይህን ታሪክ ሳይነገረው ይገባዋል። ባለ ጎማው ሎደር ቆሞ ሲያለቅስ ዶዘሩ ነው ሄዶ የሚያወጣው።

አንድ ጥያቄ። የድሮዎቹን ፎቶ ሳይ ፊት ለፊት አንድ ብቸኛ ጎማ አላቸው። ሰንሰለት ካለው ጎማው ለምን አስፈለገ?

ሎቤድ_ነጂ፦
@ዲ8_ኦፕሬተር ጥሩ ጥያቄ ነው። ያ ጎማ መሪ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሆልቶች ሰንሰለቱ ያለው ከኋላ ብቻ ነው። ማሽኑ ረጅም ነው፣ ቦይለሩም (ውኃ ፈልቶ እንፋሎት የሚሆንበት ጋን) ከፊት ይከብዳል። ስለዚህ ከፊት አንድ መንኮራኩር በረጅም ዘንግ ላይ አውጥተው ሹፌሩ በሱ ይመራል። ሹል ጥምዝ ላይ ግን ብቻውን አይችልም። በአንዱ ጎን ያለውን ፍሪሲዮን ትለቅና ያኛው ሰንሰለት እየገፋ ያዞረዋል። አንተ ዛሬ በሁለቱ ማንሻዎች የምታደርገው ያው ነው። ኋላ ላይ ማሽኑ እያጠረ ክብደቱም እየተመጣጠነ ሲመጣ የፊቱ ጎማ ትርፍ ሆነና ወለቀ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ትናንሾቹ ሆልቶች ጎማ የላቸውም። ትልቁ 75 ፈረስ ጉልበት ያለው ግን እስከ መጨረሻው አልጣለውም።

ጥያቄ_አታብዛ፦
ይቅርታ፣ ግን አንድ ወገን ብቻ ነው የተነገረው። ሆልት አልፈጠረም። የፈጠረው አልቪን ሎምባርድ ነው፤ የሜን ግዛት ሰው። በ1901 ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አውጥቷል። የሆልት የረግረግ ሙከራ ከዚያ ሦስት ዓመት በኋላ ነው። ሦስት ዓመት! ፓተንቱም የተደበቀ አይደለም፤ ታትሞ የወጣ ነው።

የሎምባርድ ማሽን ጫካ ውስጥ ግንድ የሚጎትት ነበር። ፊቱ በበረዶ ላይ የሚንሸራተት መንሸራተቻ አለው፤ ከኋላ ሰንሰለት። በበረዶ መንገድ ላይ ግንድ የተቆለለባቸውን ብዙ ተጎታች ተንሸራታቾች እንደ ባቡር ቀጣጥሎ ይጎትታል። እስከ 1917 ድረስ 83 የእንፋሎት ማሽን ሠርቶ ሸጧል። ይህ ሙከራ አይደለም፤ ሥራ ነው። እና ዝናው ለሆልት ሄደ።

ሎቤድ_ነጂ፦
@ጥያቄ_አታብዛ ሎምባርድን ስላነሳህ ደስ ብሎኛል። ቀድሞ መሥራቱን አልክድም። ሆልት የሱን ሥራ አያውቅም ነበር ብዬም አልከራከርህም።

እንዲያውም ስለ ሎምባርድ ማሽን አንድ ነገር ልጨምር። መሪውን የሚይዘው ሰው የሚቀመጠው ከቦይለሩ ፊት ነው። ከኋላው የፈላ ቦይለር፣ ከፊቱ የሜን ክረምት። ማሽኑ ፍሬን የለውም። ቁልቁለት ሲመጣ የኋላው ጭነት ይገፋዋል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ላይ ድርቆሽ ይበትኑ ነበር፣ ተጎታቾቹ እንዲይዛቸው። እዚያ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ምን ያህል ይከፈላቸው ይሆን እላለሁ።

የምለየው አንድ ቦታ ላይ ነው። ሎምባርድ የሠራው ለበረዶ መንገድ ነው። መንገዱ ሌሊት ውኃ እየተረጨ በረዶ የተጋገረበት፣ ጠንካራ ነው። እዚያ ሰንሰለቱ የሚፈለገው እንዳያንሸራትት ነው። ሆልት ላይ ጥያቄው ሌላ ነው፤ እንዳይሰጥም። ክብደትን ሰፊ ቦታ ላይ መበተን። የሆልት መንገድ ወደ እርሻ፣ ወደ ግንባታና ወደ ጦር ሜዳ የወሰደው ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

የሳራቶቭ_ምሩቅ፦
ልጆች፣ ሁለታችሁም አሜሪካ ውስጥ ብቻ ነው የምትዞሩት። እኔ በድሮው ጊዜ ሶቪየት ኅብረት የተማርኩ ሰው ነኝ። እዚያ ይህን ጥያቄ ለአስተማሪ ብታነሱ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው፦ ፊዮዶር ብሊኖቭ።

ብሊኖቭ የሳራቶቭ አካባቢ ገበሬ ልጅ ነው። በቮልጋ ወንዝ መርከቦች ላይ በእሳት አንዳጅነትና በመካኒክነት ሠርቷል። የእንፋሎት ሞተርን የተማረው እዚያ ነው። በ1879 "ማለቂያ በሌለው ሐዲድ ላይ የሚሄድ ጋሪ" ብሎ ፓተንት አገኘ። ያ ጋሪ በፈረስ የሚጎተት ነበር። ከዚያ ግን በ1880ዎቹ ሁለት የእንፋሎት ሞተር ያለው ማሽን ሠራ። አንዱ ለቀኝ ሰንሰለት፣ አንዱ ለግራ። ለመታጠፍ አንዱን ሞተር ማቆም ነው። በ1889 ሳራቶቭ ላይ፣ በ1896 ደግሞ ኒዥኒ ኖቭጎሮድ በተካሄደው ትልቁ ኤግዚቢሽን ላይ አሳየው። ገዢ አልመጣም። የመንግሥት ሰዎችም ዞር ብለው አላዩትም። በ1902 ሞተ።

ሆልት ገና መንኮራኩር ሲያሰፋ ብሊኖቭ በሁለት ሞተር ይታጠፍ ነበር ማለት ነው።

ጥያቄ_አታብዛ፦
@የሳራቶቭ_ምሩቅ ጋሼ ይሄን አላውቅም ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ሶቪየቶች ሬዲዮንም፣ አውሮፕላንንም፣ አምፖልንም እኛ ፈጠርን ይሉ አልነበረም እንዴ? ከልብ ነው የምጠይቅዎት።

የሳራቶቭ_ምሩቅ፦
ይሉ ነበር ልጄ፣ አልዋሽህም። ግን ብሊኖቭ ፓተንቱ አለ። ካድሬ የፈጠረው ሰው አይደለም።

የቦቆጂዋ፦
እኔ ያደግኩት አርሲ ነው። እኛ ጋ ኮምባይነር ሲመጣ ልጆች ሁሉ ይሮጣሉ። ስለዚህ የኮምባይነሩን ክፍል ደስ ብሎኝ አነበብኩ።

በፓተንት ዓመት የምትጣሉትን ግን ልገላግላችሁ። በዓመት ብቻ ከሆነ ሦስቱም ይሸነፋሉ። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ሎቭል ኤጅዎርዝ በ1770 የራሱን መንገድ ይዞ ስለሚሄድ ጋሪ ፓተንት አውጥቷል። ጆርጅ ኬይሊ፣ ያው የበረራ ጥናቱ የታወቀው፣ በ1825 ተመሳሳይ ነገር አስመዝግቧል። ሐሳቡ ሞተሩን ሲጠብቅ ነው የኖረው። ጠንካራ ብረትም ያስፈልግ ነበር። ሰንሰለት ላይ ያለ እያንዳንዱ ፒን (ቀለበቶቹን የሚያያይዘው ብረት) ክብደት ተሸክሞ፣ አፈር እየበላ፣ በየደቂቃው ይታጠፋል። በ1770 ያንን የሚችል ብረት በምን ዋጋ ይገኛል?

ለሎቤድ_ነጂ ጥያቄ አለኝ። ተዳፋት ላይ የሚያጭድ ኮምባይነር ሆልት ሠርቷል ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው? ሌላው፣ የሎስ አንጀለሱን የውኃ መስመር ነገር ለምን ዘለልከው? አልተሳካም መሰለኝ።

ሎቤድ_ነጂ፦
@የቦቆጂዋ እህቴ ያዝሽኝ! ሃሃ። ሁለቱንም እመልሳለሁ።

አዎ፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሠርቷል። ተዳፋት ላይ ተራ ኮምባይነር ይዘማል። እህሉም ገለባውም ወደ ታችኛው ጎን ይሰበሰብና መውቂያው ይታነቃል። ሆልት አካሉ ቀጥ ብሎ እንዲቀር፣ መንኮራኩሮቹ ግን ከተዳፋቱ ጋር ከፍና ዝቅ እንዲሉ አደረገ። ይህም ሥራው ለሚቆምበት ገበሬ ብሎ የሠራው ነገር ነው። ሰውየው ቢሮ ውስጥ ከመቀመጥ ወርክሾፕ ውስጥ መቆየት ይወድ ነበር።

የሎስ አንጀለሱን ሆን ብዬ አልዘለልኩትም፤ እጄ ደከመኝ እንጂ። ሎስ አንጀለስ በዊሊያም ሙልሆላንድ መሪነት ከኦወንስ ሸለቆ ውኃ ልታመጣ 375 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መስመር ትዘረጋ ነበር። ግማሹ መንገድ የሞሃቬ በረሃ ነው። ሆልት ያኔ ከእንፋሎት ወጥቶ በነዳጅ ሞተር የሚሄድ ማሽን መሸጥ ጀምሮ ነበር። ከተማው በ1908 ብዙ አዘዘ፤ 28 ያህል። ለኩባንያው እንዲህ ያለ ትእዛዝ ከሰማይ የወረደ ነው።

በረሃው ግን ረግረግ አይደለም። አሸዋው ፒኑንና ፒኑ የሚገባበትን ቡሺንግ እንደ ሞረድ ይሞርደዋል። ማርሹ ይሰበራል። ሙቀቱ ሞተሩን ያፈላዋል። ጥገናው ሥራውን በለጠው። በስተመጨረሻ ሙልሆላንድ ወደ በቅሎ ተመለሰ። በቅሎ ርካሽ ሆና ተገኘች። መስመሩ በ1913 ሲጠናቀቅ ዝናው የበቅሎዎቹ ነበር።

ለሆልት ውርደት ነው። ግን ትምህርትም ሆነው። ሰዎቹ በረሃ ድረስ ሄደው የተሰበረውን ሁሉ እያዩ አሻሻሉ። የተሻለ ብረት፣ የተሻለ ማርሽ። ብሊኖቭ ገዢ ስላጣ ማሽኑ የት የት እንደሚሰበር ለማየት ዕድል አላገኘም። ሆልት 28 የተናደደ ማሽን አገኘ። እኔ ልዩነቱ ይህ ነው እላለሁ።

ዲ8_ኦፕሬተር፦
"28 የተናደደ ማሽን" ሃሃሃሃ። አሸዋ ላይ የሠራ ያውቀዋል። አሁንም ቢሆን ከማሽን ወጪ ትልቁ የእግሩ ነው። ሮለር፣ ስፕሮኬት፣ ፒን። ባለቤቶች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል።

ጋሼ_መድፈኛ፦
ጤና ይስጥልኝ። በመድፈኛ ክፍል ያገለገልኩ ሽማግሌ ነኝ። ክሩን ልጄ አሳየኝ። ስለ ጦርነቱ ማንም ስላልጻፈ ጥቂት ልበል።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ከባድ መድፍ የሚጎተተው በፈረስ ነበር። የቤልጂየሙ ግንባር የፍላንደርስ ጭቃ ደግሞ ፈረስ ይውጣል። እንግሊዞች ከ1915 ጀምሮ ሆልት 75ን እየገዙ ለከባድ መድፍ መጎተቻ አደረጉት። ፈረንሳይም ሩሲያም ገዙ። ፍጥነቱ ከእግረኛ አይበልጥም፤ ግን አይቆምም። ለመድፈኛ ይህ ብቻ ነው የሚፈለገው። መድፍህ ነገ ጠዋት ቦታው ላይ መገኘቱን ማወቅ።

ከዚያ ታንክ መጣ። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ብዙ ሰው "የመጀመሪያው ታንክ የሆልት ሰንሰለት ላይ ነው የተሠራው" ይላል። ትክክል አይደለም። ኧርነስት ስዊንተን የሚባለው የእንግሊዝ መኮንን በ1914 ክረምት የማዕድን መሐንዲስ ከሆነ ጓደኛው ስለ ሆልት ትራክተር ሰምቶ ነበር። ጦርነቱ ሲጀመር ጉድጓድ ተሻጋሪ ብረት ለበስ እንዲሠራ የወተወተው ያንን አስታውሶ ነው። ሐሳቡ የተነሳው ከሆልት ነው። ሴፕቴምበር 15 ቀን 1916 ፈረንሳይ ውስጥ ፍሌር ላይ የወጡት ታንኮች ሰንሰለት ግን በእንግሊዟ ሊንከን ከተማ ውስጥ በዊሊያም ትሪተን ቡድን እንደ አዲስ የተነደፈ ነው። የተገዙት የአሜሪካ ሰንሰለቶች ለዚያ ክብደትና ለዚያ ጉድጓድ አልበቁም።

የሆልት ሰንሰለት ቀጥታ የገባው በፈረንሳዩ ሽናይደር ታንክ ነው። እነሱ በ1915 የሆልትን ማሽን ወስደው ሞክረው ከዚያ ነው የተነሱት። ኤፕሪል 1917 ወደ ውጊያ ገባ። የጀርመኑም ኤ7ቪ እንዲሁ ከሆልት የተወረሰ ነው። ሆልት ከጦርነቱ በፊት በኦስትሪያ ሃንጋሪ ወኪል ነበረው። ጀርመኖች ማሽኑን ያገኙት በዚያ በኩል ነው። ያም ሆኖ 20 ታንክ ብቻ ነው የሠሩት። አንዱ የስቶክተን ሰው ሐሳብ በግንባሩ በሁለቱም ወገን ተሰልፎ ነበር ማለት ነው።

ሎቤድ_ነጂ፦
@ጋሼ_መድፈኛ ጋሼ እግዜር ያክብርልኝ። ሊንከን ላይ የተነደፈ መሆኑን ብዙ ጽሑፍ ይዘለዋል። እርስዎ ባይገቡ እዚህም ተዘልሎ ይቀር ነበር። እንግሊዞች ራሳቸው ቀድመው ባለ ሰንሰለት ማሽን ነበራቸው የሚባለውስ? ሆርንስቢ የሚባል ኩባንያ።

ጋሼ_መድፈኛ፦
አዎ ልጄ፣ ነበራቸው። የሚያናድደውም እሱ ነው። ግራንትሃም ከተማ የነበረው የሆርንስቢ ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ዴቪድ ሮበርትስ በ1904 ፓተንት አስመዝግቧል። ከሆልት ሙከራ ጋር በአንድ ዓመት። ማሽኑ ከፊት መሪ ጎማ የለውም፤ በሁለቱ ሰንሰለት ብቻ ይታጠፋል። ከዚህ አንጻር ከሆልት ይሻል ነበር። ከ1907 ጀምሮ አልደርሾት በሚባለው የጦር ሠፈር ላይ ለጦሩ አሳዩ። ወታደሮቹም አባጨጓሬ ብለው ጠሩት፤ ስቶክተን ምን እንደተባለ ሳይሰሙ። አንድ መኮንን እንዲያውም ጋሻ አልብሰን መድፍ እንጫንበት ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ሰሚ አጣ። ጦሩ ጥቂት ትራክተር ብቻ ገዛ። ኩባንያው ገበያ ሲያጣ ከጦርነቱ ጥቂት ቀደም ብሎ መብቱን ሸጠው። ለማን? ለሆልት።

ከዚያ ጦርነቱ ሲነሳ እንግሊዝ ማሽኑን ከአሜሪካ በዶላር ገዛች።

ስለ ታንክ ካነሳን አይቀር፣ ሰንሰለቱ እኛም አገር ደርሷል። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. (ይህ በኛ አቆጣጠር ነው) ጦርነት ይዛ የመጣቻቸው ትንንሾቹ ታንኮች ዘር ከእንግሊዝ ነው። ደምበጊና ላይ የራስ እምሩ ሰዎች በእጃቸው እንደማረኳቸው ታውቃላችሁ። የፊቱ መትረየስ ወደ ኋላ አይዞርም፤ እነሱም ከኋላ መጡበት። ይህ ግን የራሱ ክር ይገባዋል።

የቦቆጂዋ፦
ጋሼ ያንን ክር ይክፈቱልን በእናትዎ።

ጥያቄ_አታብዛ፦
እሺ፣ ሆርንስቢን ገዛው። ሎምባርድን ቀድሞ አየው። ዳንኤል ቤስትንስ? እሱንም ገዛው አይደል? የዚህ ሰው ዋና ፈጠራ ቼክ መጻፍ ነው ልበል?

ሎቤድ_ነጂ፦
@ጥያቄ_አታብዛ አንተ ልጅ አትለቅም። ቤስት ሳን ሊያንድሮ ላይ የሚሠራ ተፎካካሪው ነው። ኮምባይነርም የእንፋሎት ትራክተርም ይሠራል። ለዓመታት በፓተንት ተካሰሱ። በ1908 ሆልት ኩባንያውን ገዛው። ሽማግሌው ቤስት ጡረታ ወጣ። ልጁ ሲ ኤል ቤስት ግን ብዙም አልቆየም፤ በ1910 ወጥቶ የራሱን ኩባንያ ከፈተ። እሱም ባለ ሰንሰለት ትራክተር መሥራት ጀመረ፤ ክሱም እንደ አዲስ ቀጠለ።

"ዋና ፈጠራው ቼክ ነው" ላልከው፣ እኔ እንዲህ አየዋለሁ። ሮበርትስ ጎበዝ መሐንዲስ ነው፤ ደንበኛው ግን ጦሩ ብቻ ነበር። ሎምባርድ ጫካ ነበረው። ሆልት በዙሪያው በየዓመቱ ማሳው ውስጥ የሚሰጥም፣ ብር ያለው፣ የሚቆጣ ገበሬ ነበረው። የመጀመሪያውን የእንፋሎት ባለ ሰንሰለት ማሽን በ5,500 ዶላር የገዛው እንኳ የሉዊዚያና ረግረግ የሚያለማ ድርጅት ነው። ሰንሰለቱን ደግሞ ከኮምባይነሩ ጊዜ ጀምሮ ያውቀዋል። የሌላ ሰው ፓተንት በዶላር ይገዛል፤ ይህን ግን ገዝቶ አያገኘውም።

ጥያቄ_አታብዛ፦
የሉዊዚያናው ነገር ይሻላል። ሎምባርድን ግን አልተውም 😀

ሳክራሜንቶ_ነኝ፦
እኔ እዚሁ ቅርብ ነኝ። ማሽኖቹን ማየት የምትፈልጉ ስቶክተን ውስጥ ሃጊን ሙዚየም የሚባል አለ። የሥዕል ሙዚየም ነው ብላችሁ እንዳትተዉት። በሆልት ስም የተሰየመ አዳራሽ አለው። ትልቁ ባለ ሰንሰለት ትራክተር ከፊት ጎማው ጋር ቆሟል። ኮምባይነርም አለ፤ በፈረስ የሚጎተተው ዓይነት። ልጆች ይዛችሁ ሂዱ፤ ፎቶ ላይ መጠኑ አይታወቅም።

ጥያቄም አለኝ። ሰውየው መጨረሻው ምን ሆነ? ሀብታም ሆኖ ነው የሞተው?

ሎቤድ_ነጂ፦
@ሳክራሜንቶ_ነኝ አመሰግናለሁ፣ ልጠቁም አስቤ ረስቼው ነበር።

መጨረሻው ደስ አይልም። ጦርነቱ ኩባንያውን አሳበጠው። ኢሊኖይ ግዛት ፒዮሪያ ላይ የከሰረ ፋብሪካ በ1909 ገዝተው ነበር፤ የወንድሙ ልጅ ፕሊኒ ነው የመራው። ያ ፋብሪካ በጦርነቱ ጊዜ ከስቶክተን በለጠ። ኤፕሪል 1918 ስዊንተን ራሱ ስቶክተን ድረስ መጥቶ ሆልትንና ሠራተኞቹን በአደባባይ አመሰገነ። ለአንድ መንኮራኩር ሠሪ ይህ ትልቅ ቀን ነው።

ግን በዚያው ዓመት ጦርነቱ አለቀ። ትእዛዙ ቆመ። ጦሩ የማይፈልገውን ትራክተር መንግሥት ለመንገድ ሥራ ያድል ጀመር። ሆልት ሊሸጠው የሚፈልገውን ማሽን በነጻ የሚሰጥ ተፎካካሪ መጣበት፤ ያውም የገዛ ማሽኑን ይዞ። ማሽኖቹም ለመድፍ የተሠሩ ትልልቅ ነበሩ፤ ገበሬው አነስ ያለ ነው የሚፈልገው። ዕዳ ተከመረ። ቤንጃሚን ሆልት ዲሴምበር 5 ቀን 1920 ሞተ። 71 ዓመቱ ነበር። ከሱ በኋላ ኩባንያው የሚመራው ከባንኮቹ ጋር በሚነጋገር ከምሥራቅ የመጣ ሰው ሆነ።

በ1925 ሁለቱ ባላንጣዎች፣ የሆልት ኩባንያና የልጅየው ቤስት ኩባንያ፣ ተዋሃዱ። የቦርዱ ሊቀመንበር የሆነው ቤስት ነው። ስሙ ግን የሆልት ነበር፤ ካተርፒላር። ያ ሁሉ የፍርድ ቤት ወጪ ለምን ነበር ያሰኛል።

የሳራቶቭ_ምሩቅ፦
ብሊኖቭ ገዢ አጥቶ፣ ሆልት ገዢ በዝቶበት። ለማንኛውም ልጄ በጥሩ ሁኔታ ነው የጻፍከው። ስለ ልጅየው ቤስት ቀጥልበት፤ ናፍጣ ሞተሩ የገባው በሱ ዘመን ነው።

ዲ8_ኦፕሬተር፦
የመጨረሻ ጥያቄ፣ ከዚያ ሥራ ልግባ። ቢጫው ቀለም የሆልት ምርጫ ነው? ሳይታችን ላይ በዚህ ተወራርደናል።

ሎቤድ_ነጂ፦
@ዲ8_ኦፕሬተር አይደለም። ሆልት ቢጫ ካተርፒላር አይቶ አያውቅም። እስከ 1931 መጨረሻ ድረስ መደበኛው ቀለም ግራጫ ነበር። ቢጫው የመጣው ያኔ ነው፤ ለመንገድ ሥራ ከሩቅ እንዲታይ። ስንት ተወራርዳችሁ?

ዲ8_ኦፕሬተር፦
ምሳ ነው። በላሁት! ደግሞ የኛ ማሽን ቀለሙ ተልጦ አልቆ ግራጫ ሆኗል። ኤንጂነራችን ሲመጣ የሆልት ዘመን ነው፣ እንዳትነኩት እለዋለሁ።